የዶክተር ልየው አፎች

ዶክተር ልየው ማረፋቸውን በስልክ የነገሩኝ ታላቅ እህታቸው እታለም ናቸው። "ሰብለ፣ ወንድሜ አረፈብኝ" አሉና ጥቂት አለቀሱ፤ እንባቸውን ሳይጨርሱ ደግሞ "ያንን ተረከዝ ያለው ጫማሽን አድርገሽ እንዳትመጪ፣ መንገዱ ጭቃ ነው" አሉኝ። ቤተሰቡ እንዲህ ነው። ሐዘን ላይ ሆነውም ነገር ጣል ማድረግ አይተዉም።

በማግስቱ ከማርቆስ በሚኒባስ ተሳፍሬ ደብረ ወርቅ ገባሁ። ድንኳኑ ውስጥ እታለም ጎን አስቀመጡኝ። ፊት ለፊታችን ጥምጣም የጠመጠሙ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ከዶክተር ጋር በልጅነታቸው ቅኔ ቤት አብረው የተማሩ ናቸው። ሲያስተውሉኝ ቆዩና "ልጄ፣ ከልየው ጋር ትሠራ የነበረችው አንቺ ነሽ አሉ። ለመሆኑ ያ ሮኬት ተነሳ?" ብለው ጠየቁኝ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ወደ እኔ ዞረ።

የመለስሁትን ኋላ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ሰውየውን እወቋቸው፤ ካላወቃችኋቸው መልሱ አይገባችሁም።

ማርቆስ ከተማ ዳር ባለ አንድ ኮሌጅ የላብራቶሪ ቴክኒሺያን ነኝ። ዶክተር ልየው ከውጭ ተምረው ሲመጡ "ስለ ሮኬት ያጠኑ ናቸው" ተባለ። ወሬው ከግቢ ወጥቶ ገበያ እስኪደርስ አልዘገየም። ሥጋ ቤት ሲገቡ "ሮኬቱ መጣ" ይባላል፤ የሰፈር ሰው በሰላምታ ፈንታ "መቼ ነው የምትተኩሱት ታዲያ?" ይላቸዋል። እሳቸው ኮፍያቸውን አንስተው "እኔ የማውቀው አፉን ብቻ ነው፤ ሌላውን አካላቱን ሌላ ሰው ይሥራው" ብለው ያልፋሉ። ሰው ሁሉ ቀልድ ይመስለው ነበር። ቀልድ አልነበረም።

አብረን መሥራት የጀመርን ቀን፣ ያ አፍ ምን እንደሆነ ራሴው ጠየቅኋቸው። መነጽራቸውን በከረባታቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ሊያስረዱ ሲሉ ሁሌም ከረባታቸው ነው የሚጎዳው።

"ነዳጅ እንደ ውሃ ሆኖ ከተቀመጠ ያፈስሳል፣ ይንቦጫረቃል። ጠጣር ከሆነ ደግሞ አንዴ ከተቀጣጠለ ወዲያ በቃ፣ ቁም ቢሉት አይቆምም። ስለዚህ ያረጉታል፤ እንደ ጄሊ። ቁጭ ሲል ይረጋል፣ ሲገፉት ይፈስሳል።"

"እንደ ግዥ ክፍል ነዋ" አልኋቸው።

"ግዥ ክፍል ሲገፉትም አይፈስስ" አሉኝ። እዚያው ተግባባን።

ችግሩ ያለው ነዳጁ ከታንኩ ወጥቶ እሳት ጋ ሲደርስ ነው። ውሃ ቢሆን ቀዳዳው ላይ ሲደርስ ይበተናል። የረጋው ነዳጅ ግን ይዝለገለጋል፤ ከመበተን ይልቅ ክር ሆኖ ይወጣል፣ ሲብስም እንደ መረብ ይያያዛል። "እሳት ደግሞ ክር አይበላም፤ ነጠብጣብ አድርገው ካላደቀቁለት እህል አይቀምስም" ይሉ ነበር። እንግዲህ ያ ዝልግልግ ነገር ደቅቆ እንዲረጭ ቀዳዳውን እንዴት አድርገን እንቅረጸው? የዕድሜ ልክ ሥራቸው ይኸው ነው። ሌላው ሰው ኖዝል የሚለውን እሳቸው "አፍ" ይሉታል። "ኖዝል ብዬ ለማን ላስረዳ? አፍ ያለው ሁሉ አፍን ያውቃል" ይላሉ።

ይህች ቃል ያመጣችው መዘዝ! አንድ ጊዜ በኮሌጁ ስብሰባ ላይ ተነሥተው "በዚህ ሴሚስተር አዳዲስ አፎች ከፍተናል፤ ያስቸገሩንን አፎች ደግሞ ዘግተናል" ብለው ሪፖርት አቀረቡ። ዲኑ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። "ዶክተር፣ ስለ ማን ነው የሚያወሩት?" አሉ በደከመ ድምፅ። ዶክተር ልየው ግን የቅኔ ቤት ልጅ አይደሉ? ፈገግ ሳይሉ "ስለ ብረት ነው ጌታዬ፤ ሌላ ትርጉም የተሰማው ካለ የራሱ ጆሮ ነው" ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ የእሳቸው ሪፖርት በጽሑፍ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ።

እውነተኛ የሮኬት ነዳጅማ ከየት ይመጣል? ቢመጣስ ማን ይፈቅድልናል? ውጭ አገር ሳሉ ውሃን የሚያረጋ ዱቄት ነበር የሚጠቀሙት። እሱም ታዘዘ፣ ተጠበቀ፣ ቀረ። አንድ ቀን ጠዋት ዶክተር በፌስታል ተልባ ይዘው ገቡ። ያልተቆላ ጥሬ ተልባ። ዘፍዝፈን፣ አፍልተን፣ በሻሽ አጠለልነው። የወጣው ልጋግ አይጣል ነው! ማንኪያ ሲያነሡበት ማንኪያውን ተከትሎ ይነሣል። ዶክተር እንደ ሕፃን ሳቁ። "ይኸውልሽ ሰብለ! ሮኬቱ ሁሉ እናቴ ጓዳ ነበር ለካ!"

ግዥ ክፍል በሚቀጥለው ጊዜ "ተልባ የላብራቶሪ ዕቃ አይደለም" ብሎ ጥያቄውን መለሰው። ዶክተር ወርደው "እናንተ ግዙልኝ ብቻ፤ ላብራቶሪ የማደርገው እኔ" አሏቸው። አልገዙም። ተልባው እስከ መጨረሻው ከእታለም ነበር የሚመጣው።

በሁዳዴ ደግሞ ዲኑ እንግዶች ይዘው ሊያስጎበኙ መጡ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፤ ጾማቸውን አልፈቱም። ጠረጴዛው ላይ በጆግ የተቀመጠውን ተልባ አዩ። ማንም ማርቆስ ውስጥ ያለ ሰው በጾም ወራት በጆግ ተልባ ሲያይ የሚያስበው አንድ ነገር ነው። "ጎበዝ፣ ለእንግዳ አሰባችሁ" አሉና ለእንግዶቹም ለራሳቸውም ቀዱ። እኔ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቀረሁ። ዲኑ ጨለጡትና "ምነው፣ ትንሽ ማር ጠብ ብታደርጉበት ምናለ?" አሉ። ዶክተር በትሕትና እጅ ነሥተው "ጌታዬ፣ ማር ቢጨመርበት ይወፍርና ሮኬቱን ያስቸግረዋል" አሏቸው። እንግዶቹ ብርጭቋቸውን ሲያዩት፣ ዲኑ ሲያዩን፣ እኛ ጣሪያውን ስናይ ቆየን።

መሣሪያው ቀላል ነው። ተልባው ታንክ ውስጥ ይገባል፣ ኮምፕረሰር ይገፋዋል፣ በሁለት ቱቦ ተከፍሎ ይመጣል። ቱቦዎቹ ጫፍ ላይ ሁለት አፎች ወደ ውስጥ ዘንበል ብለው ይተያያሉ። ከሁለቱም የሚወጣው ቀጭን ጅረት መካከል ላይ ይጋጫል። ሲጋጭ እንደ ቅጠል ይዘረጋና ጠርዙ ይበጣጠሳል። ቢበጣጠስ ነው እንግዲህ። የእኛው ቅጠሉ ድረስ ደኅና ይመጣና ከዚያ ወዲያ ክር ነው።

አፎቹን የሚቀርጽልን ገበያው አጠገብ ቶርኖ ቤት ያለው ሰዒድ ነበር። ዶክተር በመርፌ የተበሳ የሚያህል ቀዳዳ ሲያዙት ብረቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ "ዶክተር፣ ለሮኬት ነው ለጉንዳን?" ይላቸዋል። "ጉንዳንም ይነሣል እኮ ክንፍ ካወጣ" ይሉታል። ሁለቱ ሲገናኙ ሥራው በሳቅ ብዛት ይዘገያል።

አሁን ወደ ስሞቹ ልምጣ። ዶክተር እያንዳንዱን አፍ ከነጥንዱ በሰው ስም ይጠሩት ነበር፤ በቀለም ይጽፉበታል። ቀዳዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ የሆነውን "ዲኑ" አሉት። "የገባው ነገር ሳይለወጥ ይወጣል፤ ከስብሰባ በፊትም ከስብሰባ በኋላም ያው እንደረጋ ነው።" በጣም አጭሩን ደግሞ "ሰዒድ" አሉት፣ ሳቅ እየቀደመው ንግግሩን ከአጭር ስለሚቆርጠው። እኔስ? ሁለቱ አፎች ክፉኛ ዘንበል ብለው በሰፊው የሚጋጩበትን "ሰብለ" ብለው ጻፉበት። እሱ ከሁሉም የተሻለ ይበትን ነበር፤ ግን ግማሹን ወደ ኋላ፣ የቆመው ሰው ፊት ላይ ይረጨዋል።

"ኧረ ዶክተር፣ እኔ ሰው ላይ ተፍቼ አውቃለሁ?"

"አልተፋሽም። ከሚፈለገው በላይ ትረጫለሽ። ባለፈው ክረምት የወረደው በረዶ የዶሮ እንቁላል ያክላል ብለሽ ግቢውን አስደንግጠሽ፣ ብወጣ ሽምብራም አያክልም።"

"አንዱ ያክል ነበር!"

"ይኸው ረጨሽ" አሉና መነጽራቸውን በከረባታቸው ጠረጉ።

መነጽር መጥረጉ እየበዛ መጣ። እኔ ተልባው ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ቢሮ ገብተው ጥግ ላይ ለተሰቀለ ካፖርት ጎንበስ ብለው "እንደምን አደሩ" አሉት። ሳቅሁ። ካፖርቱ መልስ እስኪሰጥ ቆመው ሲጠብቁ ግን ሳቄ ጠፋ።

ለመታየት አዲስ አበባ ሄደው ሲመለሱ አስቀምጠው ነገሩኝ። የዓይን ግፊት ነው፤ ቆይቷል፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም ብዙ አይቆይም። "ግፊት የሚያስፈልገው ተልባው ነበር" አሉኝ። "እግዜር አድራሻ ተሳስቶ ለኔ ዓይን ላከው።" መሳቅ አቃተኝ። እሳቸውም ቀልድ በሌለበት ድምፅ "አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው" አሉ። "ያ ተልባ አንዴ እንደ ጮቄ ተራራ ጉም ሲበተን ልየው። ከዚያ ወዲያ ይጨልም።"

ልየው የሚለው ስም እኛ አገር እንዲሁ አይወጣም። እናታቸው ወንድ ልጅ እየሞተባቸው፣ እሳቸው ሲወለዱ "እስቲ ይኼን እንኳ ልየው" ብለው ነው ያወጡላቸው። "የእናቴን ልመና ተሸክሜ ነው የምዞረው" ይሉ ነበር። አሁን ልመናው የራሳቸው ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ጥድፊያ ነበር። የሐሳቡን ልብ ያገኙት እሳቸው ናቸው። ተልባው የሚቀጥነው ሲታሽ ነው፤ በአንድ ወጥ ቀዳዳ ሲያልፍ ግን በደንብ ሳይታሽ ዳር ዳሩን ሸርተት ብሎ ይወጣል። "ስለዚህ አፉ ከውስጥ እንደ ጥሩምባ ይሁን" አሉ። "በሰፊው በኩል ይግባና ቀስ በቀስ ይጥበብበት። እየጠበበ ሲሄድ ይታሻል፤ ቅጥነቱን አግኝቶ መልሶ ሳይረጋ ደጅ ይወጣል።" ሰዒድ ይህን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም። የሚሞርድበትን መሣሪያ መጀመሪያ መሥራት ነበረበት፤ ብዙ ብረት አበላሸ፣ በየሳምንቱ እየመጣ "ገና ነው ዶክተር" ይላል። እሳቸው "አይዞህ" ይሉታል፤ ሲወጣ ግን ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ ወደ መስኮቱ ይሄዱና ብርሃኑ ጋ ይቆማሉ። ምን ያህል እንደቀራቸው እየለኩ ነበር።

ሰዒድ ሳያደርስ ዓይናቸው ቀደመው። መጀመሪያ ዳር ዳሩ ጠፋ፣ ዓለምን በቀዳዳ ያዩ ነበር፤ ቀጥሎ ቀዳዳውም ተዘጋ። መብራት መብራቱን ብቻ ይለያሉ።

"በቃ አንቺ ታይልኛለሽ" አሉኝ። "ችግሩ ግን አንቺ ነሽ። ሽምብራውን እንቁላል ትይኛለሽ።"

"አልልም።"

"ትይኛለሽ። ስታዝኚልኝ ደግሞ ይብስብሻል።"

እውነታቸውን ነበር። ሰዒድ የመጀመሪያውን የጥሩምባ አፍ ይዞ ሲመጣ፣ ዶክተር ተልባው እንዳይረጨን ከጋረድነው የላስቲክ መጋረጃ ፊት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ቆሙ። ኮምፕረሰሩን ከፈትሁ። ቅጠሉ ተዘረጋ፤ ከዚያ ክር። "ምን ይታይሻል?" አሉኝ ፊታቸውን ወደ መብራቱ ቀና አድርገው። እግዜር ያውቃል፣ "ጉም ነው" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ማን ያውቅብኛል? ሰውየው ደስ ብሏቸው ቤታቸው ይገባሉ። አየኋቸው፤ አንገታቸው ወደ እኔ ዘንበል ብሏል፣ ሕይወታቸው ሁሉ ጆሯቸው ላይ ነው።

"ክር ነው" አልኋቸው።

"ወፍራም ወይስ ቀጭን?"

"ወፍራም። የጥልፍ ክር ያህል። አንዳንድ ቦታ ይያያዛል።"

"ጎሽ" አሉኝ። "ይኼ ረጨሽ አይባልም።" ኮሪደር ወጥቼ አለቀስሁ፤ ተመልሼ ተልባ ቀዳሁ።

ሁለተኛውም ክር ነበር፤ ቀጠን ያለ። ሦስተኛውን ሰዒድ መግቢያውን የበለጠ አስፍቶ፣ ውስጡን አለስልሶ አመጣው። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታለች። ሰዒድም ሳይሄድ በሩ ላይ ቆመ። ኮምፕረሰሩን ከፈትሁ።

ሁለቱ ጅረቶች ተጋጩ። ቅጠሉ ተዘረጋ፣ ጠርዙ ተንቀጠቀጠ። ክሩን ጠበቅሁ። ክር የለም። ከቅጠሉ ወዲያ ያለው ሁሉ ነጭ ሆነ። ክረምት ሲወጣ ከጮቄ ወርዶ መንገዱን የሚሸፍነው ያ ጉም፣ እሱው ራሱ፣ ከእታለም ተልባ ወጥቶ ላብራቶሪያችን ውስጥ ተንሳፈፈ።

"ሰብለ፣ ምን ይታይሻል?"

ልናገር ብዬ አፌን ከፈትሁ። አልወጣም። ሰዒድን አየሁት፤ እሱም ኮፍያውን አውልቆ ይዟል።

"ሰብለ?"

የለም፣ አልቻልሁም። ከልጅነቴ ጀምሮ ዝም በይ ሲሉኝ ያልሰማሁ ሴትዮ፣ ያን ቀን አንዲት ቃል ከአፌ አጣሁ።

ዶክተር ጥቂት ቆሙ። ከዚያ ፊታቸው ቀስ ብሎ በራ፤ መሳቅ ጀመሩ። "በስመ አብ!" አሉ። "ሰብለ ዝም ካለችማ ተበትኗል!" መጋረጃውን በእጃቸው ፈልገው ገለጡት። ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ሄዱና ፊታቸውን ጉሙ ውስጥ አገቡት። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠርጉት ነገር አልነበረም። ተልባው ቅንድባቸው ላይ እንደ ጤዛ ተቀመጠ።

"አየሁት" አሉ።

ያን አፍ ስም አውጪለት ሲሉኝ "ልየው" ልበለው አልኋቸው። እምቢ አሉ። "እኔ አልሠራሁም፣ ጠየቅሁ እንጂ። ‘ዝምታ’ በይው፤ የአንቺ ስም ነው። ያቺ የምትረጨዋ ሰብለ ተሽራለች።" በቀለም የጻፍሁት እኔ ነኝ። ዛሬም ተማሪዎች "ዝምታን አምጪልን" ይሉኛል፤ ድምፅ ስለማያሰማ ይመስላቸዋል።

ዶክተር ጡረታ ወጥተው ደብረ ወርቅ እህታቸው ዘንድ ገቡ፤ የጉሙን ቀን ለእታለም ደጋግመው ያጫውቷቸው ነበር። ይደውሉልኝ ነበር። ሰላምታቸው "የዛሬው አፍ ምን አለ?" ነው። እኔ እተርካለሁ፣ እሳቸው "ቀንሺ፣ ቀንሺ" ይሉኛል። እንዲህ ስንባባል ኖረን አንድ ቀን ስልኩ በእታለም ድምፅ መጣ።

እንግዲህ ድንኳኑ። አዛውንቱ "ሮኬቱ ተነሳ ወይ?" ብለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሯል። ላስረዳ ነበር። አባቴ፣ እኛ ሮኬት አልሠራንም፣ አፉን ብቻ ነው፣ እሱም በተልባ ነው፣ ልል ነበር። ከመንገድ ጀምሮ ስለ እሳቸው የምናገረውን ስደረድር ነው የመጣሁት። ቀና ስል ድንኳኑ ምሰሶ ላይ የተሰቀለውን የዶክተርን ኮፍያ አየሁ። እንባዬ መጣ፤ ቃሉ ሁሉ ሄደ። አንገቴን ደፍቼ ቀረሁ።

አዛውንቱ ግራ ተጋብተው "ምነው ልጄ? አልተነሳም እንዴ?" አሉ።

እታለም እጄን ያዙኝ። በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ጠረጉና፣ ልክ በወንድማቸው ድምፅ፣ መለሱላቸው።

"አባ፣ ይቺን ልጅ አያውቋትም። እሷ ዝም ካለች ተነስቷል።"